ስም የሌለው ብረት

በበሬ የሚያርስ ገበሬ ዕቃው ሲሰበርበት «ያ እንጨት ተሰበረ» ብሎ ወደ ጠራቢ አይሄድም። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ እርፉ፣ ድግሩ፣ ወገሉ፣ ምራኑ፣ ሁሉም የየራሱ ስም አለው። «ድግር ተሰበረብኝ» የሚለውን ቃል የሰማ ጠራቢ ቅርጹን፣ መጠኑንና የሚውልበትን ቦታ ወዲያው ያውቃል፤ ምናልባት የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀኙ ነው ወይስ የግራው? ይህ መሣሪያ በማሳ ላይ ሲታይ አንድ ዕቃ ነው። ሲሠራና ሲጠገን ግን ብዙ ዕቃ ነው፤ ይህንንም ብዙነት ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚያሻግረው ስም ነው። በእጅ ሥራ ዘመን ሁሉ ግልጽ የነበረው ይህ እውነት፣ የብረት ሥራ በኮምፒውተር መነደፍ ከጀመረ ወዲህ በቀላሉ የሚዘነጋ ሆኗል። ስክሪኑ ላይ አምሮ የሚታይ ንድፍ ወደ ወርክሾፕ ሲወርድ፣ በውስጡ ያሉት ቁራጮች ስም አልባ ሆነው ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ለአንድ ሐሳብ ነው፤ በንድፍ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አካል መለያውን ማግኘት ያለበት በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ገና ሲፈጠር፣ በራሱ በአካሉ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ቃላቱን እናፍታታ። ካድ የሚባለው በኮምፒውተር የሚሠራ የምሕንድስና ንድፍ ነው። ነዳፊው ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ያለው ቅርጽ በስክሪን ላይ ይሠራል፤ ፕሮግራሙ ከዚያ ቅርጽ የፊቱን፣ የጎኑንና የላዩን እይታ አውጥቶ ለሠራተኛ የሚሰጠውን የሥራ ንድፍ ያዘጋጃል። በዚህ ሙያ «አካል» ማለት ዙሪያውን በገጽ የተዘጋ አንድ ወጥ ቁስ ነው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ስለሆነ በካድ አነጋገር አንድ አካል ነው ሊባል ይችላል። ምሰሶ ተተክሎ፣ ማገር ተማግሮ፣ ወራጅ ተደርድሮ የሚሠራ ቤት ግን አካሉ ብዙ ነው። ባለ ብዙ አካል ክፍል የሚባለው እንዲህ ያሉ ብዙ ወጥ ቁሶች በአንድ ፋይል፣ በአንድ ስም ሥር አብረው ሲነደፉ ነው። ለኮምፒውተሩ አንድ ክፍል ነው፤ ብረት ለሚቆርጠው ሰው ግን በመጋዝ ሥር የሚያልፉ ብዙ ቁራጮች ናቸው። ችግሩ የሚወለደው በእነዚህ በሁለቱ አተያዮች መካከል ነው።

ነዳፊዎች ይህን መንገድ የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የውኃ ታንከር ማቆሚያ እንውሰድ። በ60 በ60 ሚሊሜትር ቱቦላሬ የሚሠራ፣ የላዩ ስፋት 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ማቆሚያ ነው። አራት ቋሚ እግሮች፣ አራት የላይ አግዳሚዎች፣ አራት የታች አግዳሚዎች፣ ስምንት ሰያፍ ማጠንከሪያዎችና አራት የእግር ላሜራዎች አሉት፤ በድምሩ 24 አካል ማለት ነው። ነዳፊው እያንዳንዱን ቁራጭ በየራሱ ፋይል ቢነድፍ፣ 24ቱንም በየቦታቸው ለማስቀመጥና ለማገናኘት ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። በአንድ ፋይል ውስጥ ከሆነ ግን የማቆሚያውን አጽም በመስመር ብቻ ይነድፍና ፕሮግራሙ በየመስመሩ ላይ ቱቦላሬ እንዲያለብስለት ያደርጋል። ከፍታው በግማሽ ሜትር ይጨመር ቢባል አንድ ቁጥር ሲለወጥ እግሮቹ በሙሉ አብረው ይረዝማሉ። ከተበየደ በኋላ የማይፈታ ሥራ ሁሉ፣ የበርና የመስኮት ፍሬም፣ የወፍጮ መቀመጫ፣ የተሽከርካሪ ጭነት ማቀፊያ፣ ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነው።

ንድፉ ወደ ወረቀት የሚወርድበት ጊዜ ሲመጣ ግን ፕሮግራሙ አካላቱን የሚያውቃቸው ለራሱ በሚመቸው መንገድ እንደሆነ ይታያል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በካድ ውስጥ ግን ነዳፊው ስም ካላወጣ የሚያወጣው ማሽኑ ነው። ብዙ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ሶሊድወርክስ፣ ተጠቃሚው ያልሰየመውን አካል የሚጠራው በዚያ አካል ላይ በመጨረሻ በተሠራው ሥራ ስም ነው። ዛሬ ቅርጹ ተስቦ ሲወጣ «ኤክስትሩድ 1» ተብሎ የተመዘገበ እግር፣ ነገ ጠርዙ ሲለዝብ «ፊሌት 3» ይባላል። ብረቱ ያው ብረት፣ ቦታው ያው ቦታ ነው፤ ስሙ ግን በላዩ ባለፈው የመጨረሻ እጅ ይለወጣል። እንዲህ ያለው ስም ስለ ንድፉ የአሠራር ታሪክ እንጂ ስለ ዕቃው ምንም አይናገርም። ነዳፊው በራሱ እጅ «የፊት ቀኝ እግር» ብሎ ከሰየመው ግን ስሙ ጸንቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ጠርዝ ቢለዝብ፣ ቀዳዳ ቢበሳ አይነቃነቅም። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት የክርክሬ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ማሽኑ የሚሰጠው ስም ተለዋዋጭ ነው፤ ሰው የሚሰጠው ስም ይረጋል።

ሁለተኛው ማስረጃ በሥራ ንድፉ ላይ የሚታየው ነው። በንድፍ ላይ አንድን ቁራጭ ለመለየት የሚውለው ምልክት በክብ ውስጥ የተጻፈ ቁጥርና ከክቡ ተነሥቶ ቁራጩን የሚነካ ጠቋሚ መስመር ነው፤ ባለሙያዎች ባሉን ይሉታል። ቁጥሩ በገጹ ጥግ ካለው ሠንጠረዥ ጋር ይገናኛል፤ እዚያም ስም፣ ቁስ፣ ልክና ብዛት ይነበባል። ይህ ሰንሰለት የሚሠራው ግን ፕሮግራሙ የሚቆጥረው አካሉን ከሆነ ብቻ ነው። የሚቆጥረው ፋይሉን ከሆነ 24ቱም ቁራጮች በሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ ይሆናሉ። የካድ ፕሮግራሞች ልዩነት እዚህ ላይ ይጎላል። በሶሊድወርክስ ክፍሉ እንደ ብየዳ ሥራ ሲመዘገብ የአካላቱ መዝገብ ወደ መቁረጫ ዝርዝር ይለወጣል፤ ተመሳሳይ አካላት በአንድ ረድፍ ይሰበሰባሉ፤ የቱቦላሬው ርዝመትና የጫፎቹ ማዕዘን ተሰልቶ ይገባል፤ ባሉኑም ከዚህ ዝርዝር ቁጥሩን ያነብባል። በፊውዥን ግን የክፍሎች ዝርዝርም ሆነ ባሉን የሚያውቀው ራሱን ችሎ የተመዘገበን ክፍል ነው፤ አካል ብቻ ሆኖ የቀረ ቅርጽ በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ኦንሼፕ በተቃራኒው በአንድ መሥሪያ ውስጥ የተፈጠረውን እያንዳንዱን አካል ከመነሻው የራሱ ስምና የክፍል ቁጥር ሊይዝ እንደሚችል ክፍል ይቆጥረዋል። ክሪዮ ደግሞ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ አካል መያዝን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሰባተኛ እትሙ ነው። ስለዚህ «ባሉን አስቀምጫለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ባሉኑ ምን ላይ እንደታሰረ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ነዳፊዎች ባሉኑ አልታሰርም ሲላቸው የሚሄዱበት አቋራጭ መንገድ አለ። በገጹ ላይ ተራ ጽሑፍ ይጽፋሉ፤ ክብ ስለው ቁጥሩን በእጃቸው ይሞላሉ፤ ሠንጠረዡንም እንዲሁ በእጅ ያዘጋጃሉ። በመጀመሪያው ቀን ንድፉ ምንም አይጎድለውም። በሁለተኛው ቀን ደንበኛው ማቆሚያው ይጥበብልኝ ሲል ግን ቅርጹ ይለወጣል፤ ጽሑፉ ባለበት ይቀራል። አግዳሚው 1,200 ሚሊሜትር ሆኖ ሳለ ሠንጠረዡ 1,500 ይላል። ቆራጩ የሚያምነው ሠንጠረዡን ነው፤ እውነቱን የያዘው ግን ማንም የማይለካው ሥዕል ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ከስንፍና የሚመጣ አይደለም፤ መለያው ከአካሉ ተነጥሎ ወረቀት ላይ ከመንሳፈፉ የሚመጣ ነው። መለያው የአካሉ ንብረት ሆኖ ከተመዘገበና ወረቀቱ ያንን መዝገብ የሚያነብብ ብቻ ከሆነ፣ ቅርጹ ሲለወጥ ልኩም አብሮ ይለወጣል። መለያ በአካሉ ላይ ይጻፍ የምለው ለዚህ ነው።

በሥዕል ላይ ያለን ነገር በፊደል ወይም በቁጥር ከጽሑፍ ጋር ማገናኘት ኮምፒውተር የወለደው ዘዴ አይደለም። ጀርመናዊው ጊዮርጊዮስ አግሪኮላ ስለ ማዕድን ሥራ የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1556 ባዝል ላይ የታተመው ትልቅ መጽሐፍ፣ በእንጨት ተቀርጸው በታተሙት ሥዕሎቹ ላይ የፓምፖችንና የመዘውሮችን ክፍሎች በፊደል እየለየ ከሥሩ ስማቸውን ይዘረዝራል። ከዚያ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው የአይፍል ማማ ደግሞ ዘዴው ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል አሳየ። እ.ኤ.አ. ከ1887 እስከ 1889 የተገነባው ይህ ማማ 18,038 የብረት ክፍሎች አሉት፤ ለእነዚህም 5,300 ያህል የወርክሾፕ ንድፎች ተዘጋጅተዋል። ክፍሎቹ ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የለቫሉዋ ፔሬ ፋብሪካ ተቆርጠውና ተበስተው ወደ ግንባታው ቦታ ይመጡ ነበር፤ ያልገጠመ ክፍል ሲገኝም እዚያው ከመታገል ይልቅ ወደ ፋብሪካው ይመለስ ነበር። ክፍሉ የትኛው እንደሆነ፣ ከየትኛው ንድፍ እንደተሠራ ካልታወቀ እንዲህ ያለ አሠራር አይታሰብም። ዛሬም በብረት ሕንፃ ሥራ እያንዳንዱ ምሰሶና ተሸካሚ በንድፉ ላይ ያለው መለያ በቀለም ወይም በምት በራሱ በብረቱ ላይ ይጻፍበታል። መለያው ከስክሪን ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ብረት ሳይቋረጥ ይሄዳል።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ለባለ ብዙ አካል ንድፍ የሚቀርበው ምሳሌ በዓባይ ዳር ያለው አቡ ሲምቤል ነው። እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ሁሉ ከዐለት የተፈለፈለው ይህ የግብፅ ቤተ መቅደስ፣ የአስዋን ግድብ ውኃ እንዳይውጠው እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1968 ተቆርጦ 65 ሜትር ያህል ወደ ላይ፣ 200 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተወስዶ እንደገና ተተከለ። አንድ የነበረው አካል ከ1,000 በላይ ድንጋይ ሆነ፤ አንዳንዱ እስከ 30 ቶን ይመዝን ነበር። ድንጋዮቹ ቁጥር ይዘው ተነሡ፣ በቁጥራቸው ተቀመጡ፣ በቁጥራቸው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሁሉም ከአንድ ዓይነት ዐለት የወጡ ስለሆኑ በቀለምም በጠባይም ይመሳሰላሉ፤ አንዱን ከሌላው የለየውና የፈርዖኑን ፊት እንደገና ፊት ያደረገው ቁጥሩ ነው። መጋዝ ከመነካቱ በፊት መለያው መታወቅ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ከተቆረጠ በኋላ የሚሰጥ ስም ግምት ነው።

ወደ ታንከር ማቆሚያው እንመለስ። 24 አካል አለው ማለት 24 ልዩ ልዩ ቁጥር ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። አራቱ እግሮች በሁሉ ነገር አንድ ከሆኑ አንድ ቁጥር ይበቃቸዋል፤ በሠንጠረዡ ላይ «ብዛት 4» ይባላል። በዚህ መንገድ 24ቱ አካል ወደ አምስት ረድፍ ይወርዳል። ሐሳቡ በካድ ታሪክ ውስጥ ጥንታዊ ነው፤ ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በኤም.አይ.ቲ. ለዶክትሬቱ በሠራው ስኬችፓድ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ እናት ሥዕልና ከእርሷ የሚቀዱ ቅጂዎች ነበሩ፤ እናቲቱ ስትለወጥ ቅጂዎቹም ይለወጡ ነበር። ይሁን እንጂ መመሳሰል ከአንድነት ጋር እንዳይምታታ ጥንቃቄ ያሻል። ከአራቱ እግሮች አንዱ የውኃ ቧንቧ የሚታሰርበት ቀዳዳ ካለው እርሱ ሌላ ዕቃ ነው፤ ስድስተኛ ረድፍ ይገባዋል። ከዚህም የሚከፋው የግራና የቀኝ ጉዳይ ነው። በሁለት ጎረቤት ጎኖቹ ላይ በተለያየ ከፍታ የተበሳ እግር፣ በመስታወት እንደሚታይ ምስል ከተገለበጠ ርዝመቱም፣ ክብደቱም፣ የቀዳዳው ብዛትም አንድ ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ ማቆም ግን አይቻልም። የድግሩ ጥያቄ እዚህ ይመለሳል፤ የቀኙ ነው ወይስ የግራው? ይህን ጥያቄ ንድፉ ካልመለሰው አራት የቀኝ እግር ያለው ማቆሚያ ይወለዳል።

ጥሩ መለያ ከስም በላይ ልክንም በማያሻማ መንገድ ይናገራል። የላይ አግዳሚዎቹ ማዕዘን ላይ የሚገናኙት ጫፋቸው በ45 ዲግሪ ተቆርጦ ነው እንበል። በውጭ ጎናቸው 1,500 ሚሊሜትር ናቸው፤ በየጫፉ 60 ሚሊሜትር ስለሚቀንስ በውስጥ ጎናቸው 1,380 ይሆናሉ። በሁለት እግሮች መካከል የሚገቡት የታች አግዳሚዎችም ቀጥ ብለው የተቆረጡ ሆነው ርዝመታቸው 1,380 ነው። ስለዚህ «አግዳሚ፣ 1,380» ብቻ የሚል ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን በአንድ ስም ይጠራል። የመቁረጫ ዝርዝሩ «የላይ አግዳሚ፣ በረጅሙ ጎን 1,500፣ ሁለቱም ጫፍ 45 ዲግሪ» ካለ ግን ውዥንብሩ ይጠፋል፤ ቁጠባም ይከተላል። ቱቦላሬ በተለመደው የገበያ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። እያንዳንዱን አግዳሚ በመጀመሪያ በ1,500 ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው አራተኛውን አያገኝም፤ መጋዙ በየቁርጡ ጥቂት ሚሊሜትር ይበላልና። ማዕዘኑን ከዝርዝሩ ያነበበ ቆራጭ ግን ቁራጮቹን እያገላበጠ አንዱን ሰያፍ ቁርጥ ለሁለት ቁራጭ ያጋራል፤ አራቱም በ5,820 ሚሊሜትርና መጋዙ በሚበላው ጥቂት ውስጥ ይወጣሉ። በአንድ ረድፍ ላይ የተጻፈ ማዕዘን አንድ ሙሉ ቱቦላሬ ከመግዛት አዳነ ማለት ነው።

የአቀማመጡ ሥርዓት ደግሞ የተደነገገ ነው። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይሶ 6433 በተባለው ደረጃው ስለ ክፍል መለያ፣ በ7573 ደግሞ ስለ ክፍሎች ዝርዝር ይደነግጋል። ፍሬ ነገሩ ለተራ አንባቢም ግልጽ ነው። በአንድ ንድፍ ላይ ያሉ ተመሳሳይ ክፍሎች አንድ መለያ ይይዛሉ፤ ቁጥሮቹ በመጠንና በአጻጻፍ አንድ ዓይነት ሆነው ከልክ ቁጥሮች ጋር እንዳይምታቱ ተለይተው ይጻፋሉ፤ ለማንበብ እንዲቀሉ በረድፍ ወይም በዓምድ ይሰለፋሉ። ጠቋሚ መስመሩ በቁራጩ ውስጥ የሚያርፍ ከሆነ በነጥብ፣ ጠርዙን የሚነካ ከሆነ በቀስት ያልቃል። ይህ ልማድ ለባለ ብዙ አካል ክፍል የተለየ ጥቅም አለው፤ ሁለት አካላት ጎን ለጎን ተጣብቀው ሲታዩ የሁለቱ ጠርዝ አንድ መስመር ነውና፣ ጠርዙን የነካ ቀስት የትኛውን እንደሚል አይታወቅም። በአካሉ ገላ ላይ ያረፈ ነጥብ ግን አያሳስትም። ብዙ ቁራጭ በተደራረበበት ቦታ ደግሞ አንዳንድ አካላትን ብቻ የሚያሳይ የተለየ እይታ ማውጣት፣ ወይም አካላቱን በየአቅጣጫቸው ገለል አድርጎ ማሳየት ከአሥር ጠቋሚ መስመር ይሻላል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሡት የመጀመሪያው ነጥብ ጎበዝ በያጅ ሥዕሉን አይቶ ሁሉንም ይረዳል የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ሦስት ቁራጭ ብቻ ላለው ቅንፍ ሙሉ ሠንጠረዥ መዘርጋት አስፈላጊ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ንድፉን የሚያነብበው በያጁ ብቻ አይደለም። ብረት የሚገዛው ሰው ስንት ቱቦላሬ እንደሚያስፈልግ ከንድፉ ይቆጥራል፤ ቆራጩ በያጁ ከመምጣቱ በፊት ሥራውን ይጨርሳል፤ ዕቃ ቤቱ የተቆረጠውን ተቀብሎ ያስቀምጣል። በ1,380 እና በ1,390 ሚሊሜትር መካከል ያለውን ልዩነት የማንም ዓይን ከሩቅ አይለየውም። የበያጁ ችሎታ መከበር ያለበት በሙያው፣ ማለትም በብየዳው ነው፤ የነዳፊውን ያልተነገረ ሐሳብ እንዲፈታ ማስገደድ ችሎታውን ማክበር አይደለም። በቀለም መለየት ይበቃል ለሚሉም መልሱ ቅርብ ነው። በስክሪን ላይ ቀይና ሰማያዊ የነበሩት አካላት በጥቁርና ነጭ ሲታተሙ ሁለቱም ግራጫ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለሙያዎቹ ከራሳቸው የሚመጣና የሚከብድ ነው። ችግሩ የመለያ ሳይሆን የአሠራር ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከመጀመሪያው ራሱን የቻለ ፋይል ቢሆንና ሁሉም በአንድ የጥምር ፋይል ቢገናኙ ኖሮ ጥያቄው አይነሣም ነበር ይላሉ። በግማሽ ልክ ናቸው። ተገዝቶ የሚመጣ ብሎንና ዳዶ፣ የሚንቀሳቀስ ማጠፊያ፣ በሌላ ምርት ላይም የሚውል ወይም ብቻውን የሚታደስ ዕቃ ራሱን የቻለ ክፍል መሆን ይገባዋል፤ በባለ ብዙ አካል ፋይል ውስጥ ሊደበቅ አይገባም። ከአንድ ቱቦላሬ ተቆርጠው ለዘላለም የሚበየዱ ቁራጮችን ግን በ24 ፋይል መበተን ሥራውን ያከብደዋል፤ አንዱ ሲለወጥ ሌላው እንዳይቀር መከታተልም ራሱ የስሕተት ምንጭ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፋይል መለየት ስም መስጠት አይደለም። «ክፍል 1»፣ «ክፍል 2» እየተባሉ የተቀመጡ 24 ፋይሎች፣ «ፊሌት 3» ከተባለ አካል የበለጠ ነገር አይናገሩም። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የመሰየም ግዴታ አይቀርም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቴክኖሎጂን ጉዞ ይጠቅሳል። ወረቀት ሊቀር ነው፤ ሠራተኛው ሞዴሉን በታብሌት ከፍቶ የፈለገውን አካል በጣቱ ሲነካ ሁሉን ያገኛል ይባላል። በእርግጥም መረጃው ሁሉ በሞዴሉ ላይ እንዲሰፍር የሚፈቅደው የአሜሪካ ደረጃ፣ አስሜ ዋይ 14.41፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ወረቀት ላይ ቢያንስ ነዳፊው በእጁ የጻፈው ነገር ይኖራል፤ ሠራተኛው ሞዴሉን ሲነካ የሚያገኘው ግን በአካሉ ላይ የተመዘገበውን ብቻ ነው። ምንም ካልተመዘገበ ምንም አያገኝም። ማሽኑ ራሱ ይሰይማል የሚለው ተስፋም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የካድ ቅርጽ ሲለወጥ የትኛው ገጽ የቀድሞው እንደሆነ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ለይቶ ማስታወስ ለኮምፒውተር ለራሱ ከባድ ነው፤ ነጻው ፕሮግራም ፍሪካድ ለዓመታት ሲያስቸግረው ለኖረው ለዚህ ችግር ማቃለያ ይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በተለቀቀው 1.0 እትሙ ነው። በተጨማሪም ፋይል ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲሻገር ስም የሚጓዘው የፋይሉ ቅርጸት ሲሸከመው ብቻ ነው። ለስሪዲ ማተሚያ የሚውለው ኤስቲኤል የሚይዘው የሦስት ማዕዘኖችን ስብስብ እንጂ የአካላትን ስም ዝርዝር አይደለም። ንድፉን ለሌላ ወርክሾፕ የሚልክ ሰው ስሞቹ አብረው መድረሳቸውን ከፍቶ ማየት አለበት።

አንድ እውነተኛ ችግር ግን ይቀራል፤ ቁጥር ራሱ ይለዋወጣል። አንድ አካል ሲጨመር ወይም ሲሰረዝ ፕሮግራሙ ዝርዝሩን እንደገና ሊቆጥር ይችላል፤ ትናንት 4 የነበረው ማጠንከሪያ ዛሬ 5 ይሆናል። ወርክሾፕ ውስጥ በጠመኔ 4 የተጻፈበት ብረት ተቀምጦ ሳለ እንዲህ ያለ ለውጥ አደገኛ ነው። መፍትሔው ትርጉሙን በስሙ ላይ ማኖር፣ ቁጥሩን ግን ጠቋሚ ብቻ ማድረግ ነው። ንድፉ ለሥራ ከተለቀቀ በኋላ ቁጥሩ ይታሰር፤ የተሰረዘ ቁራጭ ቁጥር ለሌላ አይሰጥ፤ አዲስ የመጣው በመጨረሻ ላይ አዲስ ቁጥር ይያዝ፤ ለውጡም በንድፉ የእትም ምልክት ይታወቅ። በሠንጠረዥ ላይ የተዘለለ ቁጥር ማየት ዓይንን ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ለሁለት ብረት የዋለ አንድ ቁጥር ግን ቅር ከማሰኘት ያልፋል።

ስሙ በምን ቋንቋ ይሁን የሚለው ጥያቄ ለእኛ ወርክሾፖች ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ የብረት ሥራ የራሱ ቃላት አሉት፤ ቱቦላሬ፣ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሞርሳ ከጣሊያንኛም ሆነ ከሌላ መጥተው በሠራተኛው አፍ የታሹ ናቸው። ነዳፊው በትምህርት ቤት በተማረው የባዕድ ቃል ብቻ «ስትራክቸራል ሜምበር 7» ብሎ ቢጽፍ፣ ቆራጩ በሚያውቀው ቃል ሊጻፍ የሚችልን ነገር እንቆቅልሽ አደረገው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ስለገባ፣ ዩኒኮድን በሚቀበል ፕሮግራም ውስጥ የአካልን ስም በአማርኛ መመዝገብ ይቻላል። ፊደሉ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ወደ ባዶ ሳጥን እንዳይለወጥ ግን ግዕዝን የሚያውቅ ፎንት መምረጥና ንድፉን ፎንቱን አቅፎ በሚይዝ የፒዲኤፍ ፋይል መላክ ያስፈልጋል። ሥራው ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ሁለተኛ ዓምድ በእንግሊዝኛ ይጨመር። ዋናው መርሕ አንድ ነው፤ ስሙ የሚወጣው ለሚሠራበት ሰው ነው።

መለያ የተሳካ መሆኑን ለማወቅ ብዙ መለኪያ አያስፈልግም። ንድፉን በጥቁርና ነጭ አትሞ፣ ሞዴሉን በስክሪን ላይ አይቶ ለማያውቅ ሰው መስጠት ነው። ይህ ሰው ስልክ ሳይደውል ስንት ብረት እንደሚገዛ፣ የቱን በምን ርዝመትና ማዕዘን እንደሚቆርጥ፣ የተቆረጠውንም የት እንደሚያቆም ከተናገረ መለያው ሥራውን ሠርቷል። «ይሄኛው የትኛው ነው?» ብሎ ከጠየቀ ግን ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ያልተሰየመ አካል ከስክሪኑ ወጥቶ እጁ ላይ ደርሶበታል ማለት ነው። ነዳፊው ያንን አካል በፈጠረበት ቅጽበት ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ለመጻፍ የሚፈጅበትም የአንድ ደቂቃ ያህል እንኳን አይሆንም ነበር። ያቺ ደቂቃ ስትዘለል ጥያቄው ወደ ወርክሾፑ ይወርዳል፤ እዚያም የሚመለሰው በብረትና በሰው ጉልበት ነው። ጠራቢው የቀኙን ድግር ከግራው ጠይቆ የሚለየው መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት ነው፤ የብረት ሥራም ስሙን ማግኘት ያለበት መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ነው።